የመቶ አለቃው መድኃኒት

መጀመሪያ ያየሁት ካልሲዬ ላይ ያለች ቢጫ እርጥበት ነው። በ2006 ዓ.ም. ሪያድ ውስጥ፣ ጀራዲያ በሚባለው ሰፈር፣ ብሎኬት ስናወጣ ውለን ካልሲዬን ሳወልቅ ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ ያለው የድሮ ጠባሳ ተከፍቷል። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነበረች። ስጫናት ፈሳሽ ወጣ፤ ሽታው ደስ አይልም። አላመመኝም፣ ስላላመመኝም ናቅሁት። ይህን የምጽፈው በሰውነታችሁ ብረት ይዛችሁ ለምትኖሩ የቀድሞ ወታደሮች ነው። ሳያማችሁ የሚፈስ ነገር ካያችሁ ከእኔ የባሰ ቂል አትሁኑ።

ብረቱ የገባብኝ ከዚያ ከብዙ ዓመት በፊት በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ነው። የመድፍ ፍንጣሪ ነበር፤ ከፊሉን አወጡት፣ ከፊሉ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ያን ቀን እያፈገፈግን ነበር። የመቶ መሪያችን፣ መቶ አለቃው፣ «ቁስለኛ አይቀርም» ብሎ ጮኸና የቃሬዛዬን አንድ ጫፍ ራሱ ያዘ። ዳገቱን እስክንጨርስ አልለቀቀም። ከዚያ ቀን በኋላ ሙት ቢለኝ እሞትለት ነበር።

ከሠራዊቱ ስንቀነስ መታወቂያዬን አስረከብኩ፤ ልማዱን የሚረከበኝ ግን አላገኘሁም። አገር ቤት የመጋዘን ዘበኛ ሆንኩ። አለቃዬ ነጋዴ ነበር፤ ሲጠራኝ ተረከዜን አጋጭቼ እቆማለሁ፣ ሠራተኞቹ ይስቁብኛል። ከሳቁ ሸሽቼ በየመን በኩል ባሕር ተሻገርኩ። ጀራዲያ ስደርስ መቶ አለቃውን አገኘሁት። የድሮ ልጆቹን በአንድ ክፍል ሰብስቦ ይኖር ነበር። እልል ማለት ነው የቀረኝ። በመጨረሻ የሚያዘኝ ሰው አገኘሁ።

ክፍሉ ያው ካምፕ ነበር። ጠዋት ብርድ ልብስ በወግ ይታጠፋል፤ ማብሰያው ተረኛ አለው፤ አፈሳ ሲመጣ የሚጠቁም ጠባቂ ደጅ ይቆማል። የመቶ አለቃው ፍራሽ ኤሲው ሥር ነው፣ እዚያ ላይ ማንም አይቀመጥም። የታመመ ለእሱ ሪፖርት ያደርጋል። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማናችንም አልነበረንም፤ ማዕረጋችን ግን አልጠፋብንም።

«አስር አለቃ፣ ምን ሆነህ ነው የምታነክሰው?» አለኝ አንድ ቀን።

«ቁስሉ አገርሽቶብኝ ነው፣ መቶ አለቃ። ሆስፒታል ልሂድ ብዬ ነበር።»

«የጀዋዛት ፖሊስ፣ የኢሚግሬሽኑ፣ ተከትሎህ እንዲመጣ? ሁላችንንም ልታስበላ? ያላ፣ እግርህን አምጣ።»

ከራስጌው የብስኩት ቆርቆሮ አወረደ። ውስጡ ከአገር ቤት በሰው የመጣ ካፕሱል ነበር። ሁለት ከፍቶ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰ፤ በሻሽ ጠፍሮ አሰረው። ግንባር ላይ ሁላችንም እንዲህ ነበር የምናደርገው፤ ብዙ ጭረት አድርቆልናል። በየቀኑ እየፈታ ነሰነሰበት። ቀዳዳዋ ቅርፊት ያዘች፣ ከዚያም ተደፈነች። ልጆቹ «ከመቶ አለቃ በላይ ዶክተር የለም» ብለው ቀለዱ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ትኩሳቱ ከዚያ በኋላ መጣ። እግሬ አበጠ። ቆዳው አብረቀረቀ። ብርድ ልብስ ደርበውልኝ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ውኃ ሲሰጡኝ አስመልሳለሁ። ሆስፒታል አልኩ። «ታገሥ» አለኝ። ደግሜ አልኩ። «ትእዛዝ ነው» አለኝ።

አርብ ነበር። ከተማው ሁሉ ስግደት ላይ ነው፤ መንገዱ ጭር ብሏል። ድምፁን ሰማሁት። «እዚህ ከሞተ ሬሳው ያስይዘናል። አውጡት» አለ። ሁለት ልጆች በብርድ ልብስ ተሸከሙኝ። እሱ ጫፉን አልያዘም። መስጊዱ ግድግዳ ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። አንደኛው ያለቅስ ነበር። ሄዱ።

ሰጋጆቹ ሲወጡ አገኙኝ። አምቡላንስ ጠሩልኝ። ስማቸውን አላውቅም፤ ፊታቸውንም አላስታውስም። አላህ ይስጣቸው፣ እግዚአብሔርም ይስጣቸው።

ሹመይሲ ካለው ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስነቃ አንዲት ሴት በአማርኛ «ወንድሜ፣ አይዞህ፣ ሰው ጋ ነህ» አለችኝ። ዘሀራ ትባላለች፤ የወሎ ልጅ ናት። ነሲም ሰፈር የሰው ቤት ትሠራለች፣ የአሠሪዋን አሮጊት እናት ለማስታመም ነበር የመጣችው። በቅዠቴ «መቶ አለቃ፣ አትተወኝ» እያልኩ ስጮኽ ሰምታ መጣች። እስካሁን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ጥሎኝ ሄዶ እንኳ እሱን ነበር የምጣራው።

ሐኪሙ ሱዳናዊ ነበር። ዘሀራ ታስተረጉማለች።

«ኢቃማ አለህ?»

«የለኝም።»

«እግር ግን አለህ። ከእሱ እንጀምር።»

ራጅ አነሱኝ። ኦስቲኦማይላይትስ ነው አለ፣ የአጥንት ኢንፌክሽን። ሴፕሲስም ጀምሮኛል፤ መርዙ ደሜ ውስጥ ገብቷል። ሻሹን ፈቶ ቅርፊቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ማነው ይህን የደፈነው?» አለ። ስለ ካፕሱሉ የነገርኳትን ዘሀራ ተረጎመችለት። «ቀዳዳዋ መውጫ ነበረች። ላይዋን አደረቃችሁና መግሉን ውስጥ ዘጋችሁበት። መሄጃ ሲያጣ ወደ አጥንቱና ወደ ደሙ ሄደ» አለ።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። ከጉልበት በታች መቁረጥ ሊኖርብን ይችላል፣ ፈርም አለኝ። አልፈርምም አልኩ። ጀግንነት አልነበረም። አንድ እግር ይዞ በአገር ቤት ምን እንደሚኮን አይቻለሁ፤ በጦርነቱ ክራንች የያዙ ጓዶቼ ዛሬ የት እንደሚቀመጡ አውቃለሁ። «ዛሬ ከፍተን እናጥበዋለን፣ ብረቱንም እናወጣለን። የመግሉ ምርመራ ውጤት፣ ካልቸሩ፣ ሲመጣ እንወስናለን። ከዚያ ግን አንተ ሳትሆን እግሩ ነው የሚወስነው» አለኝ ሐኪሙ።

ቀደዱት። አጠቡት። የሞተውን አጥንት ፋቁ። ቫንኮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ በደም ሥር ሰጡኝ። ጣራውን እያየሁ ጠበቅሁ። ትኩሳቱ ወረደ። ተመልሶ ወጣ። ወረደ። ካልቸሩ መጣ፣ መድኃኒቱ ተለወጠ። ሐኪሙ አንድ ጠዋት ጣቶቼን ጫን ጫን አድርጎ ደም ሲመለስባቸው አየና «ኸላስ፣ አይቆረጥም» አለ። ዘሀራ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ወጣች። እኔ አላለቀስኩም። እኔ ያሰብኩት የጀራዲያውን ቤት ነበር፤ በየትኛው ደረጃ ወጥቼ፣ የትኛውን በር ከፍቼ እንደምገባ።

ማገገም ስለ ተስፋ ነው የሚሉ አሉ። ለእነሱ ይሁንላቸው፤ እኔን ያቆመኝ ቂም ነው። ከሆስፒታል ስወጣ ዘሀራ የአገሯ ልጆች ክፍል አስጠጋችኝ፣ ሹመይሲ ውስጥ ከሆስፒታሉ ብዙ ሳይርቅ፣ እነሱም ቁስሉ በየጊዜው እንዲታጠብ በየተራ እየደገፉ ይወስዱኝ ነበር፤ ከመካከላቸው ማዕረግ ያለው አልነበረም፣ ማንም ማንንም አያዝም፣ ግን ምግብ በሰዓቱ ይቀርባል፣ ቤቱም ይጠረጋል፣ ይህም መጀመሪያ ላይ በጣም ግራ አጋብቶኝ ነበር። ክሊንዳማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ሆዴን እየቆረጠኝ ለወራት ዋጥኩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ያሳየኝን እንቅስቃሴ ጠዋትና ማታ ሠራሁ፤ ደረጃውን ስወጣ በእያንዳንዱ እርምጃ የዚያን ሰው ስም በልቤ እጠራለሁ፣ ስወርድም እጠራለሁ። ዘሀራ አርብ አርብ ስትመጣ ታየኝና «እህትህ ልሁንና ልምከርህ፣ ለአላህ ስጠው» ትለኛለች። «መጀመሪያ እግሬ ይድናል፣ ከዚያ እሱን እንነጋገርበታለን» እላት ነበር።

ለጀዋዛት ልጠቁምበት አስቤያለሁ፤ አልዋሽም፣ ብዙ ጊዜ። አንድ ስልክ ይበቃ ነበር። ግን ክፍሉ ውስጥ ያ ያለቀሰው ልጅም አለ። ስለዚህ ራሴ ልሄድ ወሰንኩ። በ2008 ሐኪሙ ከክትትል አሰናበተኝ። ቁርጭምጭሚቴ አይታጠፍም፣ አነክሳለሁ፣ እግሩ ግን የእኔ ነው። ለመንግሥት እጄን ሰጥቼ ወደ አገሬ ለመሳፈር ወስኜ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ አርብ፣ ሁሉም ቤት በሚውልበት ቀን፣ ጀራዲያ ሄጄ ደረጃውን ወጣሁ።

በሩን የከፈተልኝ ያ ያለቀሰው ልጅ ነው። ስሜን ጠርቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። መቶ አለቃው ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ሸብቷል።

«አስር አለቃ» አለ። «ተርፈሃል። አልሐምዱሊላህ። እኔኮ ለሁላችሁ ብዬ ነው። አለቃ ብትሆን አንተም እንደዚያ ነበር የምታደርገው።»

ሄጄ ፍራሹ ላይ፣ ኤሲው ሥር፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሱሪዬን ሰብስቤ እግሬን ለሁሉም አሳየሁ፤ ጉድጓዱን፣ ስፌቱን፣ የማይታጠፈውን ቁርጭምጭሚት። ሐኪሙ ስለ ዱቄቱ ያለውን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ከዚያ ከራስጌው ቆርቆሮውን አወረድኩና ካፕሱሉን በሙሉ ሽንት ቤት ደፋሁት። ማንም አልከለከለኝም።

«ዳገት ላይ ተሸክመኸኛል» አልኩት ስመለስ። «ያን አልካድኩም። ያን አርብ ግን ጫፉን አልያዝክም።» ወደ ልጆቹ ዞርኩ። «የታመማችሁ ካላችሁ አሁን ከእኔ ጋር ወደ ሆስፒታል ውረዱ።»

ጥግ ላይ ሲያስል የነበረ አንድ ሰው ተነሣ። ቀጥሎ ያ ያለቀሰው ልጅ ብርድ ልብሱን ጠቀለለ። በሩን አልፈን ወደ ደረጃው ወጣን።

«ቁም!» አለ ከኋላዬ።

ያንን ድምፅ በመድፍ መካከል ሰምቼዋለሁ። ትከሻዬ ተወጠረ። ተረከዜ ሊጋጠም ፈለገ። ብዙ ዓመት የሰለጠነ ሰውነት ባለቤቱን አይጠይቅም። ያ የማይታጠፈው እግሬ ግን ደረጃው ላይ ነበር፤ አንዴ ከወረደ መመለስ ያስቸግረዋል። ወረደ። ሌላውም ተከተለው።

ለሱዳናዊው ሐኪም፣ ለነርሶቹ፣ ለሰጋጆቹ፣ ከሁሉ በላይ ለዘሀራ፣ ምስጋናዬ እስክሞት ነው። ለእናንተ ደግሞ ምክሬ ይህ ነው። ቁስል ላይ የካፕሱል ዱቄት አትነስንሱ። የሚፈስን ቀዳዳ አትድፈኑ። ትኩሳት ከመጣ ወረቀት የለኝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ የምትፈሩትን ፍሩ። መለዮ አውልቃችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ስለ ገላችሁ የሚያዛችሁ አለቃ የለም።

መቶ አለቃው አሁን አገር ቤት ነው አሉ። ክፍሉ ከዚያ ቀን በኋላ አንድ በአንድ ባዶ ሆነ፣ ብቻውን ሲቀር ተመለሰ። አንድ ጊዜ ደውሎልኛል፤ አላነሳሁም። እዚህ ስሙን ያልጻፍኩት አዝኜለት አይደለም። ያን አርብ ብርድ ልብሱን የያዙት ሁለቱ ያውቁታል፣ እሱም ያውቃል። የቀራችሁ ግን ደውላችሁ ከጠየቃችሁኝ ከነማዕረጉ እነግራችኋለሁ።