ከስልኩ ያወጣኋት የጤፍ ፍሬ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ኃጢአቴን ስዘረዝር ጾም የገደፍኩበትን፣ በሐሰት የማልኩበትን፣ ሰው ያማሁበትን ሁሉ እነግራቸዋለሁ፤ እዚህ ጋ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። ስለ አንድ አሮጌ ስልክ ምን ብዬ ልናዘዝ? እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። ነገሩ የስልክ እንዳልሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

መካነ ሰላም፣ ገበያው ዳር፣ ስልክ እጠግን ነበር። እጁ የተባረከ ነው ይሉኝ ነበር። ከከላላም ከወግዲም ወላጆች ዓረብ አገር ያሉ ልጆቻቸው የላኩላቸውን ስልክ ይዘው ይመጣሉ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች የልጃቸውን ፎቶ ከስልኩ ፊት አወጣላቸዋለሁ፤ ፎቶውን ሲነኩ ልጃቸው የላከችው ድምፅ ይከፈታል። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር። ሲመርቁኝ አሜን እያልኩ እቀበል ነበር።

ከዚያ አንድ የስልክ አከፋፋይ ድርጅት ወኪሉ አደረገኝ። በሬ ላይ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት ማስታወቂያ ተሰቀለ፤ አሮጌ ስልክዎን መልሰው አዲስ በቅናሽ ይውሰዱ፣ አካባቢዎን ከቆሻሻ ይጠብቁ ይላል። ከቅጠሉ ጀርባ የነበረው ደንብ ግን ሌላ ነው። ወኪል የሆነ ሰው ጥገና አይሠራም። የተቀበለውን ስልክ ማንም መልሶ እንዳይጠግነው በመዶሻ ይሰብራል። ተቆጣጣሪው እየመጣ ስባሪውን አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ስባሪው የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ? ከከተማው በታች ካለው ገደል። በጆንያ ተሸክሜ የደፋሁት እኔ ነኝ፤ ያ ቅጠል በራፌ ላይ ተሰቅሎ እያለ።

እትየ ዘይነባ በአንድ የገበያ ቀን ከከላላ በኩል መጡ። ባል የሞተባቸው፣ ከሐያት በቀር ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። ሐያት ሪያድ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ስልኩ ቻርጅ አልቀበል ብሏቸዋል። እኛ አገር ስልክ የሚቀመጠው ጎታ ውስጥ፣ ከእህሉ መሃል ነው፤ ልጆች አይነኩትም፣ እርጥበትም አያገኘውም ይባላል። ገና ሳየው ገባኝ። የቻርጀሩ ቀዳዳ ውስጥ አንዲት የጤፍ ፍሬ ተሰንቅራለች። በመርፌ ጫፍ የምትወጣ ናት።

እኔ ግን ምን አልኩ? “ይኼ በቃ አይሠራም፣ እናቴ” አልኩ። አይሠራም አልኩ! የጤፏን ፍሬ በዓይኔ እያየሁ።

እትየ ዘይነባ “የሐያት ድምፅስ?” አሉኝ።

“አዲሱ ላይ ትልክልዎታለች፣ አብሽሩ።”

አመኑኝ። አዲሱን ገዙ፣ አሮጌውን ትተውልኝ ሄዱ። በዕለቱ ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር የድምፅ መልእክት መቀበያውን ለሚቀጥለው ገበያ እንድጭንላቸው ተቀጣጠርን።

በማግስቱ ኔትወርኩ ተመለሰ። ተቆጣጣሪው የሚመጣበት ቀን ስለነበር የምሰብራቸውን ስልኮች ደርድሬ ተቀመጥኩ። የእትየ ዘይነባ ተራ ሲደርስ እጄ አላርፍ አለኝ፤ የጥገና አመል ነው። መርፌ አንስቼ የጤፏን ፍሬ አወጣኋት። ለመሞከር የራሴን ሲም ከትቼ ሰካሁት፤ በራ። ወዲያው አንድ መልእክት ገባ። የሐያትን ፎቶ ነካሁት።

“እማ፣ አብሽሪ። ከሪያድ ወጥቻለሁ፣ አሁን ጣኢፍ ነኝ። ከዳቦ መጋገሪያው በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው ያስገቡኝ። ሰዎቹ ደግ አይደሉም። ስልኬንም ሳይቀሙኝ አይቀሩም። ለአጎቴ ንገሪው፣ መጥቶ ይውሰደኝ።”

የተቆጣጣሪው መኪና በሩ ላይ ቆመ። የተጠገነ ስልክ እጄ ላይ ካየ ውክልናው ከእኔ ጋር አይቆይም። ነቀልኩት። መዶሻውን አነሳሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ መታሁት። መልእክት ደግሞ አንዴ ከገባበት ስልክ ጋር ይቀራል፤ ለአዲሱ አይተርፍም። ይህን የሚያውቅ ሰው ነው የመታው። ልጅቱ ነገ ደግማ ትልካለች ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በሚቀጥለው ገበያ እትየ ዘይነባ መጡ። ጫንኩላቸው፣ ፎቶዋን አወጣሁላቸው። ቢነኩት ቢነኩት ዝም አለ።

“ምነው፣ የገባ ድምፅ የለም?”

“የለም” አልኩ።

ሐያት ደግማ አልላከችም። ያን ቀን ጣኢፍ የሚለውን አንድ ቃል ብተነፍስ ምን ነበረበት? እንዴት ሰማህ ይሉኛል፣ አይሠራም አላልክም ወይ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ስልክ ለመሸጥ ስንት ውሸት የሞላው አፌ ልጅቱን ለማትረፍ አንዲት ውሸት አጣ። ሰው ነገረኝ ማለት አልችልም ነበር? እችል ነበር። አላደረግሁትም።

አጎቷ ሪያድ ሾፌር ነው። ሪያድን ቤት ለቤት አሰሰ አሉ። የሌለችበትን ከተማ። እትየ ዘይነባ በየገበያው እየመጡ ዛሬም ሪያድ አልተገኘችም ይሉኛል። እኔም አላህ ያውቃል፣ ትገኛለች እላቸዋለሁ። ይኸው ስንት ዓመት እንዲህ እላቸዋለሁ።

ድርጅቱ ነው ያበላሸህ የሚለኝ ይኖራል። ድርጅቱ የሚጠገነውን አይጠገንም እያሰኘ እንደሚነግድ አሁን ለማንም ከመናገር አልመለስም፤ ያን ማስታወቂያም ገንጥዬ ጥያለሁ፣ ዛሬ ጥገናዬ ላይ ነኝ። ግን መዶሻ ሰጠኝ እንጂ እጄን ይዞ አላስመታኝም። ከመታሁም በኋላ ዝም በል ያለኝ የለም። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ገበያ እትየ ዘይነባ ያን የሸጥኩላቸውን ስልክ ይዘው መጡ። ቻርጅ አልቀበል ብሏል። አየሁት። የጤፍ ፍሬ። እዚያው እፊታቸው በመርፌ አወጣኋት፤ ስልኩ በራ። መዳፌ ላይ ያለችውን ፍሬ ጎንበስ ብለው አዩዋት።

“ያኛውም እንዲህ ነበር?” አሉኝ።

“አይ፣ እናቴ፤ ያኛውስ ሌላ ነው” አልኩ።

“እኔስ ጎታ ውስጥ ማኖሬ ይሆን ያበላሸው እያልኩ፣ ራሴን ስከስ ነበር” አሉ። “አላህ ይስጥህ ልጄ፣ ገላገልከኝ።”

መርቀውኝ ሄዱ። አሜን አልኩ። ያ አሜን ነው ይህን ያስጻፈኝ።

ከእናንተ ይቅርታ አልፈልግም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። ነገ ገበያ ነው። እትየ ዘይነባ ሲመጡ እግራቸው ላይ ወድቄ አውፍ በሉኝ ከማለቴ በፊት የምነግራቸው ሌላ ነገር አለ። እንደለመድኩት አንደበቴ ቢታሰር ግን ይህን ያነበበ ሰው ይንገርልኝ፤ ሐያት ሪያድ አይደለችም። ጣኢፍ ናት፣ ከዳቦ መጋገሪያው በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ። ወይም ነበረች።