የጓዳችን በር የት ደረሰ?

ዛሬ አሰላ ለቅሶ ቤት አንድ ሽማግሌ፣ «የሳጉሬን ልጆች ፊደል ያስቆጠርኩ እኔ ነኝ» ሲሉ ሰማሁ። ደሜ ፈላ።

በደርግ ጊዜ እዚያው ሳጉሬ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበሩ። አንቱታው ለዕድሜያቸው ነው፣ ለሥራቸው አይደለም።

ያኔ አስተማሪዎቹ ታስረው ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ እናቴ የሰፈሩን ልጆች ቤታችን ታስተምር ነበር። የምንቀመጥበት አግዳሚ የዕድሩ ነው፤ ሰው ከሞተ አግዳሚው ለቅሶ ቤት ስለሚሄድ ትምህርት የለም። ጠመኔ የሚሰጡን ባለሱቁ ሐጂ ነበሩ። ሰሌዳችን የጓዳችን በር ነው፤ ነቅለን በባትሪ ድንጋይ ዱቄት አጠቆርነው።

እኚህ ሊቀመንበር አብዮት ጠባቂ አስከትለው መጡና «ያለ ፈቃድ ስብሰባ ነው» ብለው ሰሌዳውን ወሰዱት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ያንኑ በር ቀበሌ አዳራሽ ሰቅለው፣ አጠገቡ ቆመው ፎቶ ተነሱ። ማጠፊያው እንኳ አልተነቀለም ነበር።

ዛሬ ጠጋ ብዬ፣ «አባባ፣ የጓዳችንን በር መቼ ይመልሱልናል?» አልኳቸው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

የእናቴን ስም ነገርኳቸው። ንፍሯቸውን ማኘክ አቆሙ።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ሌላ በር አላስገጠመችም። «ክፍቱን ይታይ» ትል ነበር።

የእናንተንስ ቤት በር ነቅሎ ዛሬ «አስተማርኳችሁ» የሚል አለ? ስሙን ተዉትና ምን እንደወሰደ ጻፉልኝ።