የደምሌ ጉበትና የአባ ቀኖና

መጀመሪያ የታየው ዓይኑ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደምሌ ላሊበላ ከተማ አናጺ ነው፤ እኔ ደግሞ እዚያው ማር እሸጣለሁ። አንድ ቀን ሱቄ ሲገባ የዓይኑ ነጭ እርድ መስሏል። ጎረቤቱ ሁሉ ባንድ አፍ «የወፍ በሽታ ነው» አለ። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል ስለሚባል እኛም ጤና ጣቢያ ደጃፍ አላደረስነውም። ሥር እየተወቀጠ ሲጠጣ ከረመ። ሆዱ ውሃ ቋጠረ፤ እግሩ አበጠ።

በመጨረሻ ወደ ደሴ ይዤው ስወርድ ጋሸና ላይ ደም አስመለሰው። ብዙ ደም። መኪናው ቆመ። ሰው ከበበን። ሹፌሩ የአንገቱን ፎጣ አውልቆ ሰጠኝና «አብሽሪ እህቴ፣ አደርሰዋለሁ» አለኝ። አደረሰው።

የምርመራው ውጤት ሄፓታይተስ ቢ ሆነ። ቫይረሱ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ጉበቱን ጠባሳ አድርጎታል፤ ሐኪሞቹ ሲሮሲስ ይሉታል። «ያለው መንገድ የጉበት ንቅለ ተከላ ነው። ካልሆነ ብዙ አይቆይም» አሉኝ። ከጤነኛ ሰው ጉበት ተከፍሎ ለታማሚው ይሰጣል፤ የሰጪው የቀረውም፣ የተቀባዩም ያድጋል። እኔ እሰጠዋለሁ አልኩ፤ ደሜም ከደሙ ገጠመ። ፍላቂት ያለችው እናታችን ስትሰማ ጮኸች። «ሁለቱን ልጆቸን ባንድ ቀን ልታስቀድዱብኝ ነው?» አለች። እኔም ፈርቼ ነበር። በጣም።

አገራችን ስለማይሠራ፣ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶልን ቀዶ ጥገናው ህንድ አገር ተሠራ። ስነቃ ስሙን ጠራሁ። ነርሷ ፈገግ ብላ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። አለቀስኩ። ሳለቅስ ስፌቱ ስለቆረጠመኝ ማልቀሱን ተውኩት።

ከሆስፒታል ከመውጣታችን በፊት ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም ስለ አንድ ጥናት ነገረን። ጉበት የተተከለላቸው ሰዎች አገራቸው ከገቡ በኋላ እንዴት እንደሚሆኑ የሚከታተል ነው፤ ደሙ በየጊዜው አዲስ አበባ እየተመረመረ ውጤቱ ለሆስፒታሉ ይላካል፤ አልፈልግም ማለትም ይቻላል። ደምሌ «ከኋላዬ ለሚመጣው ከጠቀመ ልግባ» ብሎ ፈረመ። ከዚያ ሐኪሙ ታክሮሊመስ የሚባለውን መድኃኒት ሰጠው። ሰውነቱ አዲሱን ጉበት ባዕድ ነው ብሎ እንዳያጠቃው የሚያደርገው እሱ ነው። «ቀዶ ጥገናው የእኛ ሥራ ነበር፤ ይህ የአንተ ነው። ጠዋትም ማታም፣ ሰዓቱን ሳታዛባ» አለው። እኛ በአገራችን ሰዓት ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ብለን ቆረጥን።

ላሊበላ ከገባን በኋላ ዓይኑ እየጠራ፣ ፊቱ እየሞላ ሄደ። መላጊያውን አንስቶ እንጨት መላግ ጀመረ፣ የምሠራለትን ወጥ ጨው አነሰው እያለ ከእኔ ጋር መጨቃጨቅም ጀመረ፤ ያን ጊዜ በእውነት መዳኑን አመንኩ። ዐቢይ ጾም ሲገባም ከልጅነቱ እንደለመደው ቅዳሴው ላይ ተገኘ። እሰየው አልኩ።

ጾሙ ሳይጋመስ ጥናቱን አዲስ አበባ ሆኖ የሚከታተለው ሐኪም ደወለ። «የታክሮሊመሱ መጠን ወርዷል፤ የጉበቱን ጉዳት የሚያሳዩት ኢንዛይሞች ጨምረዋል። መድኃኒት አቋርጧል?» አለ። በጭራሽ አልኩ። ደምሌን ስጠይቀው አቀረቀረ። «አላቋረጥኩም። ሰዓቱን ገፋሁት እንጂ» አለኝ። ለካ ክኒኑ የሚዋጠው በውሃ ነውና፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አልቀምስም ብሎ የጠዋቱን ወደ ማታው ሲያስጠጋ ከርሟል። የሰጠሁህን ጉበት መልስልኝ ልለው ምንም አልቀረኝ።

አዲስ አበባ ወሰድነው። ከጉበቱ ናሙና ተወሰደ። ሪጀክሽን ነው አሉን፤ ሰውነቱ ጉበቱን እየገፋው ነው። ይህን የሚያበርድ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት በደም ሥሩ ገባ። ጠበቅን። ዓይኑን አየሁ። በማግስቱም አየሁ። ደግሞ አየሁ። ከዚያ ኢንዛይሙ መውረድ ጀመረ። እዚያ ያከመችው ሐኪም «ደሙ ባይመረመር ኖሮ ዓይኑ ቢጫ እስኪሆን ትጠብቁ ነበር። ያን ጊዜ አይደረስበትም» አለችን።

ስንመለስ የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ሥላሴ ሊጠይቁት መጡ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ጾሙን እንዳልገድፍ ብዬ ነው አባ» አለ ደምሌ።

«ማንን ጠይቀህ?» አሉት። «ለታመመ ጾም የማቀል እኔ አይደለሁም ወይ? እኔን ሳትጠይቅ በራስህ ላይ ሕግ አወጣህ?»

አባ መስቀላቸውን አወጡ።

«እንግዲያው ቀኖና ሰጥቸሃለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት፣ መድኃኒትህን ትውጣለህ። በጾምም በፍስክም። አንዷን ያሳለፍክ ቀን ጾም እንደ ገደፍክ ቁጠረው።»

ወንድሜ መስቀሉን ተሳለመ። የሐኪም ትእዛዝ ያዛባው ሰው የአባን ቀኖና አንድም ቀን አላዛባም። የደሙ ውጤት በየምርመራው እኩል ሲመጣ የጥናቱ ሐኪም ምን አድርገን እንደሆነ ጠየቀ፤ ስነግረው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ትቶ ለሌሎች ታማሚዎቹም የሃይማኖት አባቶቻቸውን እንዲያማክሩ እንደሚነግራቸው አጫወተኝ።

ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ደማችሁን አስመርምሩ፤ መርፌ አይገድልም። ቤተሰቡም ይመርመር፤ ከቫይረሱ ነፃ የሆነው የሄፓታይተስ ቢ ክትባቱን ይውሰድ። ጾም ከመግባቱ በፊት መድኃኒታችሁን ለሐኪማችሁም፣ ለነፍስ አባታችሁ ወይም ለሼኻችሁም አሳዩ። እኔ ሐኪሞቹን፣ የጋሸናውን ሹፌርና ከወንድሜ በፊት ለጥናት ደማቸውን የሰጡትን የማላውቃቸውን ሰዎች ሁሉ አመሰግናለሁ።

በዘንድሮው ዐቢይ ጾም ከደምሌ ጋር ወደ አሸተን ማርያም ወጣን። እኔ አለከለክሁ፤ እሱ ከፊቴ ነበር። አንድ ሰዓት ሲል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ክኒኑን በውሃ ዋጠ። ከኋላችን የሚመጡ አንዲት እናት አዩት።

«በጾም? በጠዋት ውሃ?» አሉ።

«ቀኖናዬ ነው እማማ» አላቸው።

ፊታቸው ፈታ አለ። «እግዜር ያስፈጽምህ ልጄ» አሉት።

ከእሱ ቀድሜ አሜን አልኩ።