አመዱ ቡን ያለው ቮልስ

ከታሰረ ብዙ ዘመን የሆነው ባለቤቴ በዚህ ሳምንት ይፈታል የሚል ወሬ የደረሰኝ ዕለት፣ እንደ ሰው ተንበርክኬ ፈጣሪን ማመስገን ሲገባኝ፣ ዓይኔ የሮጠው ግቢያችን ውስጥ ወደቆመው ቮልስ መኪናችን ነው። የደብረ ብርሃን ፀሐይና ውርጭ ተፈራርቀውበት ቀይነቱ ጠፍቶ አመዱ ቡን ብሏል። «ይሄንን አይቶማ ቤቱ የፈረሰ ይመስለዋል! ሞቼ ነው ቆሜ?» አልኩ። እልኸኛ ነኝ።

ታናሽ ወንድሜ ጋራዥ ውስጥ ቀለም ቀቢ ስለነበር የፖሊሽ ማሽን ተውሶ መጣ። መጣ እንጂ፣ የመወልወያው ጠጉር ተበልቶ አልቋል። የምቀመጥበትን የመንዝ በግ አጎዛ ከመቀስ ጋር አቀበልኩት።

«እታለም፣ አበድሽ እንዴ?»

«ቁረጥ ብዬሃለሁ!»

በልክ ቆርጦ ማሽኑ ላይ በሲባጎ ጠፍሮ አሰረው፤ ቅባቱን ቀብቶ ሶኬቱን ሰካ። አቤት! ማሽኑ እያጓራ ኮፈኑ ላይ ሲዞር፣ ከዚያ ከአመዱ ሥር ቀዩ ቦግ ብሎ ወጣ። እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠላጠለ። «እኔም ልሞክር፣ ስጠኝ!» ብለው፣ «አንድ ቦታ ካቆምሽው ቀለሙን አቃጥሎ ብረቱን ያወጣዋል» ብሎ ከለከለኝ።

አንድ በር ሲቀረን ጎረቤቴ ከቅርቡ ከተማ ከጫጫ በጭነት መኪና ደርሳ እያለከለከች ገባች። «ባልሽ የተሳፈረበት አውቶቡስ ጫጫ ላይ ጎማ ተንፍሶበት ቆሟል፤ እውስጡ ተቀምጦ በዓይኔ አየሁት!»

«ፍጠን እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ወንድሜ ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያለ በእርጋታ ጨረሰው። ስንገዛው እንኳ አሮጌ ነበርና እንዲህ ሲያበራ አይቼው አላውቅም። ወንድሜ ማሽኑን ሊመልስ ሄደ፤ እኔ ቀሚስ ልቀይር ጓዳ ገባሁ።

ስወጣ አንድ ከሲታ ሰው ክፍት በራችን ላይ ቆሞ መኪናውን አፍጦ ያያል። ከዚያ ፌስታሉን ይዞ ዞሮ ሄደ። አረማመዱ የባሌ ነው። በባዶ እግሬ ሮጬ አስፋልቱ ጋ ደረስኩበት።

«አንተ! ወዴት ነው?»

ዞሮ አየኝ። «እንዲህ ያለ አዲስ መኪና ቆሞ ሳይ፣ ቤታችንን ወርሰው ለባለሥልጣን የሰጡት መሰለኝ» አለ። «እናንተን የት ብዬ እንደምፈልግ ግራ ገብቶኝ...»

ደረቱን በጡጫ መታሁት። «ያንተው ነው! መኪናውም ያንተው፣ ቤቱም ያንተው፣ እኔም ያንተው ነኝ!» እያልኩ መሐል መንገድ ላይ ጮህኩ። ሰው ሰማ አልሰማ ግድ አልነበረኝም።