ጋሽ ኩሬ አድማጭ ያገኙበት ቅዳሜ

ልብስ ሰፊውን «ጋሽ ኩሬ» ያላቸው ሰፈሩ ነው። ስለ ሰፈሩ ኩሬ ሳያወሩ ሱሪ ሰፍተው አያውቁማ! የወገብ ልክ ሲወስዱ ሜትሩን ደንበኛው ሆድ ላይ እንደያዙ የሸምበቆን ጥቅም ማስረዳት ይጀምራሉ፤ ደንበኛውም ትንፋሹን ውጦ ሆዱን እንደሳበ ይቆያል። በዚህ የተነሳ በሰፈሩ ሱሪው ያልጠበበው ሰው የለም።

ወሬያቸው ከሱቁ ሲተርፍ ወደ ማኅበረሰብ ሬዲዮው ተሻገረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ስለ ሰፈር ኑሮ፣ ስለ ዛፍና ወፍ፣ ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ የሚያወያይ ፕሮግራም በነጻ ያዘጋጃሉ። ስቱዲዮው ድሮ መጥረጊያ ይቀመጥበት የነበረ ክፍል ነው። ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን ተለብዷል፤ ሁለት ሰው ከተቀመጠበት ሐሳብ እንኳ በጎን ነው የሚገባው። የጣቢያው ድምፅ ደግሞ ጉልበት ያለው ሰው ሲያስነጥስ ከሚሰማበት ብዙም አይርቅም። «ስልካችን ክፍት ነው» ይላሉ ጋሽ ኩሬ በየሳምንቱ። ስልኩ ግን እንዳኮረፈ ዘመድ ዝም ይላል። ዓመታት እንዲህ አለፉ። በእርግጠኝነት የሚታወቁት አድማጭ ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም የሬዲዮው መዘውር ተሰብሮ ጣቢያ መቀየር ስላቃታቸው ነው።

ፕሮግራሙ የሚከፈተው ጋሽ ኩሬ ራሳቸው በስልካቸው በቀዱት የወፍ ድምፅ ነው። ወፊቱ አመድማ፣ ለዓይን የማትሞላ ናት። ነገር ግን ኩሬው ዳር ከወደቀው ግንድ አጠገብ ሁለት የሸምበቆ አገዳ አጣምራ ጎጆዋን ሰፍታለች። ጋሽ ኩሬ መነጽራቸውን አድርገው ስፌቱን ካዩ ወዲህ ስለ ሰው ልብስ ሰፊ ደግ ተናግረው አያውቁም፤ ስለ ራሳቸውም ጭምር። ድሮ በኩሬው ዙሪያ እንዲህ ያለ ጎጆ ሞልቶ ነበር። ዘንድሮ የቀረው ይኼ አንዱ ነው፤ ውስጡም ገና ላባ ያላበቀሉ ጫጩቶች አሉ። ይህን የነገሩት ለባለቤታቸው ብቻ ነው።

«በሬዲዮ ተናገራ፣ ሰው እንዲጠነቀቅላት» አሏቸው ባለቤታቸው።

«ብናገር ሁሉም ልይ፣ ልንካ ብሎ ይግተለተላል። ዝም ማለት ነው የሚያድናት።»

«አቤት! ከተጋባን አንድ ወሬ ስትቋጥር ያየሁህ ዛሬ ነው።»

በዚህ መሐል ኩሬው በላስቲክና በአሮጌ ጫማ ተሞላ። ጋሽ ኩሬ በማይክሮፎናቸው ተማጸኑ፦ ቅዳሜ ኩሬውን እናጽዳ፣ የማይረባ ነገር አንድም አይቅር አሉ። ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ የምትሠራው የድምፅ ባለሙያ እሳቸውም ከሰው ጋር ወደ ኩሬው እንዲወርዱ መክራቸው ነበር። እሳቸው ግን ሰው ባይመጣ እንኳ በቀጥታ ስርጭቱ የመጣ እንዲመስል ማድረግ አለብኝ ብለው ስቱዲዮ ቀሩ።

ቅዳሜ ስልኩ ጮኸ። የድምፅ ባለሙያዋ እባብ የነካት ያህል ዘለለች። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጥቷል! ማጭድ የያዘ፣ አካፋ የያዘ፣ የተጣላ ጎረቤቱን ይዞ የመጣ። ዘመቻውን የሚመሩት ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር ሲሆኑ ሕዝቡን «ወደ ኋላ ጠጋ፣ ጠጋ!» እያሉ በኩሬው ዙሪያ ጠቅጥቀውታል። ደዋይ ደዋይን ተከተለ። ጋሽ ኩሬ መረቁ፦ እጃችሁ ይባረክ፣ በርቱ፣ እንዳትሰንፉ።

በመጨረሻ ሹፌሩ ራሳቸው ደወሉ።

«ጋሽ ኩሬ፣ ላስቲኩን ድራሹን አጠፋነው። ጉልበት ተርፎን ሸምበቆውንም አጨድነው። ኩሬው አሁን ከአስፋልቱ ድረስ ይታያል።»

ጋሽ ኩሬ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጉ። «ከግንዱ አጠገብ ያለውንስ?»

«እሱንማ መጀመሪያ! ሸምበቆው በዝቶ የነበረው እዚያ አይደል?»

ማይክሮፎኑ ክፍት ነው። የድምፅ ባለሙያዋ በመስታወቱ ወዲያ አውራ ጣቷን ቀስራ ትስቃለች። አድማጭ ስጡኝ ብለው ዓመታት የለመኑ ሰው፣ የተሰጣቸውን አድማጭ ምን ብለው ይቆጡ? የታዘዘውን ነው የፈጸመው።

«ተባረኩ» አሉ ጋሽ ኩሬ።

ከፕሮግራሙ በኋላ ሲደርሱ ኩሬው የተላጨ ራስ መስሏል። ሕዝቡ አጨበጨበላቸው። እሳቸው በቀጥታ ወደ ታጨደው ክምር ሄደው በጉልበታቸው ተንበረከኩና አገዳውን አንድ በአንድ ያነሱ ጀመር። ጎጆውን ከሥር አገኙት። ተጨፍልቋል፤ ባዶ ነው። ስፌቱ ግን አንዲት ቦታ እንኳ አልተተረተረም።

«ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አሉ ሹፌሩ።

ጋሽ ኩሬ ጎጆውን በኮታቸው ውስጥ ሸሸጉ። «መርፌ» አሉ።

ያ ሁሉ ሰው ጎንበስ አለ። የልብስ ሰፊያቸው መርፌ ከምትጠፋ ብለው ክምሩን እስኪመሽ አገላበጡት፤ አንድም ሰው ልሂድ አላለም። ጋሽ ኩሬም ደጋግ ጎረቤቶቻቸው መሐል ተንበርክከው የሌለ መርፌ አብረው ፈለጉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የድምፅ ባለሙያዋ እንደ ልማዷ የተቀዳውን የወፊቱን ድምፅ ለቀቀች። ገና ሳያበቃ ስልኩ ጮኸ። አንዲት እናት ናቸው።

«ወፊቱ ስትዘፍን ሰማኋት። ቦታው ሲጸዳላት ይኸው ድምፅዋ ጠራ። ልፋታችን መና አልቀረም፣ ጋሽ ኩሬ።»

ጋሽ ኩሬ አፋቸውን ከፈቱ። ባለቤታቸው ቤት ሆነው፣ መዘውር በሌለው ሬዲዮ፣ የባላቸውን ትንፋሽ ሰሙ።

«ስልካችን ክፍት ነው» አሉ ጋሽ ኩሬ።