ከፊደሉ በኋላ የቀረው

ሌንሳ ሐጀራን ትወዳታለች። እውነት ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ተለያይተው አያውቁም። ጠዋት ጠዋት ከሳሪስ በአንድ ሚኒባስ ተሳፍረው አቃቂ ይወርዳሉ፤ እዚያ ባለ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፕሮግራም ይጽፋሉ። ግን ሐጀራ የትም ብትገባ ነገር ይቀናታል፤ ሌንሳ ደግሞ ሁሉን የምታገኘው ጥርሷን ነክሳ ነው። ይህ ከውስጥ እንደሚበላት ከራሷ በቀር ማንም አያውቅም ነበር።

ነገሩ የመጣው በጨርቅ መለያዎች ነው። እያንዳንዱ ጥቅል ጨርቅ ላይ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት መለያ ይለጠፋል። መለያው በትክክል መጻፉን የሚያጣራውን ፕሮግራም የሠራችው ሌንሳ ናት። ፕሮግራሙ መለያውን ሬጌክስ ከሚሉት የአጻጻፍ ደንብ፣ ከፓተርኑ ጋር ሲያስተያይ አንዱን መንገድ ይሞክራል፤ አልሆን ሲለው ተመልሶ ሌላውን ይሞክራል። የተሳሳተና ረዘም ያለ መለያ ሲገጥመው ግን መንገዱ ይበዛበትና ተገትሮ ይቀራል። ጥቅሎቹ የፋብሪካው በር ላይ ይከመራሉ፤ ሠራተኛው ይጮኻል።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ጂራታ አንድ ቀን መጥተው፣ «ሌንሳዬ፣ እስቲ ሐጀራም ትየው» አሏት።

«ምን ችግር አለው» አለች ሌንሳ።

ሐጀራ ሰኞ ዕለት አዲስ ፕሮግራም ይዛ መጣች። ሲያዩት የተማሪ የቤት ሥራ የሚያክል ነው።

«ወደ ኋላ መመለስ ብሎ ነገር የለውም» አለች ወንበሯን እየሳበች። «የሬጌክሱን ዴሪቬቲቭ ነው የምወስደው።»

«የካልኩለሱን?»

«ስሙ ነው እንጂ ሥራው ሌላ ነው። ፓተርኑ ‹መጀመሪያ ቀ፣ ቀጥሎ የፈለገው ያህል ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ መ› ይላል እንበል። ‹ቀ›ን አነበብኩ። ከዚህ በኋላ ምን ቀረኝ? ‹የፈለገው ያህል ቁጥር፣ ከዚያ መ›። በቃ፣ አዲሱ ፓተርኔ እሱ ነው። ቁጥር ሳነብ ያው ራሱ ይቀራል። ‹መ›ን ሳነብ የሚቀረኝ ባዶ ነው። ጽሑፉ ሲያልቅ የተረፈው ፓተርን ባዶን ከተቀበለ መለያው ትክክል ነው። የማይሆን ፊደል ከመጣ ደግሞ ምንም የማይቀበል ፓተርን ይተርፋል፤ አለቀ ደቀቀ።»

ሌንሳ ወዲያው ገባት። የከፋትም ወዲያው ስለገባት ነው። ከባድ ቢሆን ኖሮ ትጽናና ነበር። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር እሷ ስንት ጊዜ ስትለፋ እንዴት አልታያትም?

«ጎበዝ» አለቻት፤ ቃሉ አፏ ውስጥ መረራት።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አልያዝላት አለ። ሐጀራ ፕሮግራሙን እንድትፈትሽላት ስትሰጣት፣ ሌንሳ የተወሳሰበ ፓተርን እየፈጠረች ታጎርሰው ጀመር። ሐሙስ ከሰዓት ጉድለቱን አገኘችው። አማራጭ የበዛበትና ድግግሞሽ በድግግሞሽ ውስጥ ያለው ፓተርን ሲሰጠው፣ ፊደል በተነበበ ቁጥር የሚተርፈው ፓተርን ከማጠር ይልቅ ያብጣል። ሐጀራ የሞቱትን፣ ከእንግዲህ ምንም የማይቀበሉትን አማራጮች አልጣለችም፤ ተመሳሳዮቹንም አላዋሃደችም። መጨረሻ ላይ የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ይሞላል። ሌንሳ ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ሰው እንዳያያት ስክሪኑን አጠፋች።

ማታ ሚኒባስ ውስጥ ሐጀራ፣ «ፈተሽሽልኝ? ምንም አላገኘሽም?» አለቻት።

«ምንም» አለች ሌንሳ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ፕሮግራሙ ለፋብሪካው አለቆች በሚታይበት ቀን አቶ ጂራታ የአዲስ ደንበኛ መለያ ይዘው መጡ፤ ፓተርኑ አማራጭ የታጨቀበት ነው። ሐጀራ አስገባችው። ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። ሌንሳ ጓደኛዋ ስትርበተበት ለማየት ቀና አለች።

ሐጀራ ግን ሳቀች። «ያ አላህ! ይሄ ደግሞ ምን ነካው? ሌንሳ፣ ነይ እስቲ አብረን እንየው።»

ሌንሳ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። እንዴት እንዳመለጣት አታውቅም፤ «የሚተርፈው ፓተርን እያበጠ ነው። የሞተውን አማራጭ ጣይው፣ ተመሳሳዮቹን አንድ አድርጊያቸው» አለች።

የሐጀራ እጅ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። «ኮዱን ገና እኮ አልከፈትኩትም» አለች፣ ከሌንሳ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ።

ከዚያ ሌንሳ ያለቻትን ጻፈች። ፕሮግራሙ እንደገና ተነሣ፤ መለያዎቹን ባንዴ አጣራቸው። አለቆቹ አጨበጨቡ። «ችግሩን ያገኘችው ሌንሳ ናት» አለች ሐጀራ ጮክ ብላ። ሌንሳ ይህን ሙገሳ ስትናፍቀው ኖራለች፤ አሁን ግን እንዲህ ሳይሰስት በሚሰጥ የሐጀራ ልብ ቀናች።

ወደ ታክሲው ሲሄዱ ሐጀራ ጠየቀቻት። «የዚያን ቀን ሚኒባስ ውስጥ ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ጥቂት ተራመዱ። «አንቺ በእኔ ሥራ ላይ ስህተት ብታገኚ ትነግሪኝ ነበር?» አለች ሌንሳ።

ሐጀራ ግራ ገብቷት አየቻት። «ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?»

አላኮረፈቻትም። ዛሬም በአንድ ሚኒባስ ይሄዳሉ፤ ስለ ቤት፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ሰው ያወራሉ። «ፈትሺልኝ» የሚል ቃል ግን ከሐጀራ አፍ ሁለተኛ አልወጣም። አሁን ሥራዋን የሚያይላት ነቢል የሚባል አዲስ ተቀጣሪ ነው። ሐጀራ ወንበሯን ወደ እሱ ስባ ስታስረዳው፣ ሌንሳ የምትሠራ መስላ ጆሮዋን ትጥላለች፤ በነቢልም ትቀናለች።