የአባዬ ወሬኛ ሸሚዝ

ባለፈው ሳምንት፣ ካርቱም አል-ሳሃፋ ውስጥ እንደገና በተከፈተችው ትንሽ የሐበሾች ትምህርት ቤታችን፣ የተማሪዎቼን ካርድ በፕላስቲክ ሳሽግ ማሽኑ ሲግል የሚያወጣው ሽታ ክፍሉን ሞላው። ካርዱ የእኔ ሐሳብ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ሕመም ካለበት የሕመሙን ዓይነት፣ አደጋ ቢደርስበት የሚደወልለትን ሰው ስልክ ይዞ እንዲሄድ ነው። "ወድቃችሁ ብትገኙ መናገር አትችሉ ይሆናል፤ ያኔ ስለ እናንተ የሚናገረው ይሄ ነው" እያልኩ ሳስረዳ፣ የጋለው ፕላስቲክ ሽታ ከዚሁ ሠፈር ሳያስወጣኝ ወደ ልጅነቴ ቤት ወሰደኝ፤ እማዬ መጋረጃ ወደምትሰፋበት ጠባብ ክፍል፣ የዱቄት ወተት ከረጢት ቆርጣ በካውያ ስትተኩስ ወደማያት ጠረጴዛ።

አባዬ ቀለም ቀቢ ነበር። ጠዋት ጠዋት በሃፍላ፣ ማለትም በትንሿ አውቶቡስ፣ ጀሪፍ ሠፈር ድረስ ሄዶ የሰው ግድግዳ ሲያሳምር ይውላል፤ ማታ ጆሮው ጫፍ ላይ የቀረች ነጭ ወይም ሰማያዊ ነጠብጣብ ይዞ ይመለሳል፣ እኛም የዕለቱ ቤት ምን ቀለም እንደሆነ ከጆሮው እናነባለን። የስኳር ሕመም ነበረበት። ይህ ሕመም ብዙ ሰው እንደሚመስለው ስኳር ሲበዛ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ መርፌውን ተወግቶ ምግብ ከዘገየበት ስኳሩ ከልክ በታች ይወርድና ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ካርቱም ውስጥ ደግሞ መጠጥ ክልክል ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ የሚንገዳገድ ሐበሻ የታየ እንደሆነ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አረቄን ነው፣ የሚጠራውም ፖሊስ እንጂ ሐኪም አይደለም። እማዬን የሚያስጨንቃት ይኸው ነበር፤ ባሏ ትንሽ ስኳር የሚያቀምሰው አጥቶ የፖሊስ ጣቢያ ወለል ላይ እንዳይሞትባት።

ስለዚህ የሠፈራችን ፋርማሲ ሄዳ ባለሙያውን በጥሩ ዓረብኛ አጻፈችው፤ ስሙን፣ ሕመሙን፣ ስኳር እንዲሰጡት፣ የእሷን ስልክ። ወረቀቱን በፕላስቲክ አሽጋ ተኮሰችው። እዚህ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር፤ ግን እማዬ ማንኛውንም ነገር ሳታስጌጥ መተው አይሆንላትም። ላብ እንዳይነካው ብላ በቀይ ቆዳ ሰፋችው፣ ዳር ዳሩን ጠለፈችው፣ ከዚያ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረችለት። እንዲያ ያማረ ነገር በሠፈራችን ታይቶ አያውቅም፤ ችግሩም ማማሩ ሆነ።

አንድ ሐሩር ቀን አባዬ ጀሪፍ ፌርማታ ላይ ወደቀ። ሰው ከበበው፣ ሰክሯል ተባለ፣ ፖሊሶች መጡ። አንደኛው ኪሱን ፈትሾ ከቀለም ብሩሽ በቀር ምንም ሲያጣ ሸሚዙን ከፈተና ቀይዋን ቆዳ አያት። በዚህ አገር አንገት ላይ የታሰረ ቆዳ እኛ ክታብ የምንለው ነው፤ ውስጡ የተቀደሰ ቃል ስላለ የሌላ ሰው እጅ አይከፍተውም። ፖሊሱ ጨዋ ሰው ኖሮ በሁለት ጣቱ ይዞ በአክብሮት ወደ ቦታዋ መለሳትና የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈለት። ከዚያ መኪና ላይ እንዲጭኑት አዘዘ።

ያዳነችው ነፊሳ ናት። ፌርማታው አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጥ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ነበረች። አባዬ በየጠዋቱ እሷ ዘንድ ሻይ ይጠጣል፤ ያለ ስኳር። የካርቱምን ሻይ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ብርጭቆው ሥር ስኳሩ ተከምሮ ይታያል፣ ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው ደግሞ እንደ ጉድ ይታያል። ነፊሳ የአባዬን ስም አታውቅም ነበር፤ ያንን ጉድ ግን፣ ምክንያቱም የስኳር ሕመም እንደሆነ፣ ታውቃለች። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ገብታ ፖሊሱን "ይሄ አልሰከረም፣ ታሟል። ጭንቅላቱን ደግፍልኝ" አለችው። ደገፈላት። እሷም ስኳር የተሞላ ለብ ያለ ሻይ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት አጠጣችው፣ እስኪውጥ እየጠበቀች። ቀስ በቀስ ዓይኑ ጠራ፤ መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ቃልም "ስኳሩ በዛ" የሚል ነበር።

አባዬ ስልኳን ነግሯቸው ተደውሎላት፣ እኔን እየጎተተች የደረሰችው እማዬ ይህን ሁሉ ሰምታ አለቀሰች፣ የቆዳዋ ነገር ሲነገራት ደግሞ እዚያው በነፊሳ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጎኗን እስኪያማት ሳቀች። ነፊሳ ጥልፉን እያገላበጠች ካደነቀች በኋላ እጇን በእማዬ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ፦

"ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ሰው እንዲያነበው ከፈለግሽ እንዲህ አታስጊጪው" አለቻት።

እማዬ ይህን ምክር የተቀበለችበት መንገድ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። አልተከፋችም፣ ለሥራዋም አልተከራከረችም። ዕለቱን ቆዳውን ተርትራ በአባዬ ሸሚዞች ሁሉ የደረት ኪስ ላይ በቀይ ክር በትልቁ ጠለፈች፦ "አልሰከርኩም። የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ስኳር ስጡኝ፣ ለሚስቴ ደውሉ።" ከሥሩ ስሙ ከነአያቱና ስልኳ አለ። ዓረብኛ ማንበብ አትችልም፤ የፋርማሲውን ጽሑፍ ፊት ለፊቷ አድርጋ እያንዳንዱን ፊደል እንደ አበባ ነበር የምትገለብጠው። አባዬ "አንቺ ሴትዮ፣ ሸሚዜን ወሬኛ አደረግሽብኝ" እያለ ያጉረመርማል፣ ግን ለብሶት ይወጣል። ከዚያ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶች የባሎቻቸውን ሸሚዝ አጥፈው ይዘው ይመጡ ጀመር፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን፣ ልቡን የሚያመውን፣ አስም ያለበትን። ሰው ስለ ራሱ መናገር ሲያቅተው ማን እንደሚናገርለት አስቀድሞ ማሰብን፣ ዛሬ ለልጆች እንደ ትልቅ ትምህርት የማስተምረውን፣ የተማርኩት ከዚያች የመጋረጃ ክፍል ነው።

አባዬ ከዚያ በኋላም ወድቆ ያውቃል፤ ሰካራም ያለው ግን አልነበረም። ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ገዳሪፍ ሸሸን፣ እዚያም በአልጋው ላይ፣ ስሙን በሚጠሩ ሰዎች መሐል አረፈ።

ዘንድሮ ስንመለስ እማዬ ቤታችንን ከማየቷ በፊት ጀሪፍ ውሰደኝ አለችኝ፤ የአባዬን ሞት ለነፊሳ ራሷ ልትነግራት። ዛፉ አለ፣ ሥሩ ባዶ ነው። ጥላው ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ስለ ነፊሳ ስንጠይቀው "ነፊሳ የማን ልጅ?" አለን። የሠፈሩን ሰው ስም ከነአያቱ በክር የጻፈችው እናቴ ወደ እኔ ዞረች። የአባቷን ስም፣ የምትመጣበትን ሠፈር፣ ስልኳን፣ እሷ ብትወድቅ ማን ይጠራ እንደነበር አናውቅም። እማዬ ባላት ዓረብኛ፦

"ሻይ የምትሸጠው፣ ስኳር የምታበዛው" አለችው።

ሽማግሌው ባዶውን የዛፍ ሥር አየት አድርጎ "እህቴ፣ በካርቱም ስኳር የማታበዛ ማን ነበረች?" አላት።